ጠርሙሱ ላይ የጻፍኩት

ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ» ብዬ የተናዘዝኩት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ለማን እንደዋሸሁ፣ በምን ጉዳይ እንደዋሸሁ፣ በውሸቴም ማን እንደተጎዳ ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ይልቁንስ እንዳይጠይቁኝ አድርጌ ነው የነገርኳቸው ብል እውነት ይሆናል። በአንድ ቃል የተጠቀለለ ኃጢአት የሁሉንም ሰው ኃጢአት ስለሚመስል የሚደነግጥለት የለም። ስግደት ታዘዘልኝ፤ ሰገድኩ። የቀለለኝም መስሎኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያን ጊዜ የጠቀለልኩትን ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ገንዘብ አልጠፋበትም። ትንሽነቱን አስቀድሜ የምናገረው ለማቃለል አይደለም፤ ቢያንስ ለማቃለል ብቻ አይደለም። ይህን ያህል ዓመት ይዤው እንድኖር ያስቻለኝ ትንሽ መሆኑ ስለሆነ ነው።

ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ተቀጥሬ፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ አሠራ ነበር። የዚያ ሳምንት ሙከራ ተደባልቀው የመጡ ውሁዶችን በአሲድና በቤዝ መለየት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ይሰጠዋል። በውስጡ ሁለት ነጭ ዱቄቶች አሉ። ምንና ምን እንደሆኑ የሚያውቀው ዝርዝሩን የያዘው መምህር ነው፤ ማለትም እኔ።

ዘዴው ያረጀና ቀላል ነው። ድብልቁ በኤተር ይሟሟል። ኤተርና ውሃ አይዋሃዱም፤ ኤተሩ አንድ ሚሊ ሊትሩ 0.71 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ታች ይቀመጣል። ቤንዞይክ አሲድ ከውሃው ይልቅ ኤተሩን ይመርጣል፤ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያሟሟው ወደ 3 ግራም ያህሉን ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ ቤዝ ሲኖር ግን አሲዱ ፕሮቶኑን ይሰጥና ጨው ይሆናል፤ ጨው ሲሆን ኤተሩን ትቶ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሴፓራቶሪ ፈነል በምንለው፣ አፉ በክዳን በሚዘጋ፣ ታቹ መክፈቻ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ሁለቱን ነቅንቆ፣ አስቀምጦ፣ ታችኛውን ውሃ ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው። በወረደው ውሃ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲያንጠባጥቡበት ጨውነቱ ይቀርና ነጩ ዱቄት ተመልሶ ይታያል።

ብልሃቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚገባው ደካማው ቤዝ ነው፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ዳቦ ጋጋሪዎች ቤኪንግ ሶዳ የሚሉት። እሱ እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያሉትን፣ ፒኬኤያቸው (የአሲድ ብርታት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 4 አካባቢ የሆኑትን ብቻ ነው ማውረድ የሚችለው። ፒኬኤው 9.5 የሆነውን 2-ናፍቶልን አይነካውም። ለናፍቶሉ ብርቱው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ብርቱው ግን አይመርጥም፤ ቀድሞ ከገባ ሁለቱንም ያወርዳቸዋል። በሁለቱም ያልወረደው፣ ለምሳሌ ከሳጥን ልብስ ጋር የምናስቀምጠው ናፍታሊን፣ ኤተሩ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ የምትፈርዱብኝ በእሱ ነውና። ባይካርቦኔት ራሱን መደበቅ አይችልም። ቤንዞይክ አሲድ ሲያገኝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ያወጣል፤ ፈነሉን ቶሎ ቶሎ ካላስተነፈሱት ክዳኑን ይገፋዋል። ምንም አሲድ ባያገኝ እንኳ፣ መጨረሻ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲፈስበት የተረፈው ሁሉ ይገነፍላል። ሃይድሮክሳይድ ግን አሲድ ሲፈስበት ዝም ይላል፤ ብልቃጡ ይሞቃል እንጂ አረፋ የለውም። ይህን የማያውቅ የኬሚስትሪ ምሩቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር።

ዋዜማውን ማታ ሁለቱንም ቤዞች 5 በመቶ አድርጌ በጠበጥኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ብርሃን ነው የሠራሁት። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። ለየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ጠርሙስ ሞላሁ፤ ስማቸውን ግን እየሞላሁ ሳይሆን ከሞላሁ በኋላ፣ በማስታወስ ጻፍኩባቸው። በአንደኛው ጠረጴዛ ላይ ስሞቹ ተቀያየሩ። እስከዚህ ያለውን ስህተት እለዋለሁ። መብራቱን ሰበብ ማድረግ እችል ነበር፤ ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ጠርሙስ ላይ ስም ሳይጽፉ መሙላት እንደማይገባ ተማሪዎቼን የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሙከራው ሳይጀመር ስለ ኬሚስቱ ዣን ስታስ አወራኋቸው። በ1850 ቤልጂየም ውስጥ አንድ ኮንት የሚስቱን ወንድም በኒኮቲን መርዞ ገደለ። በዚያ ዘመን የእፅዋት መርዝ ከሬሳ ውስጥ ተለይቶ ሊወጣ አይችልም ይባል ነበር። ስታስ የሟቹን የሆድ ዕቃ በአሲድና በአልኮል፣ ቀጥሎም በቤዝና በኤተር እያፈራረቀ ለይቶ ኒኮቲኑን አወጣ። ኮንቱ በ1851 ሞንስ ከተማ ላይ በጊሎቲን ተቀጣ፤ ሚስቱ ነፃ ወጣች። ዛሬ እናንተ በእጃችሁ የምትሠሩት የዚያ ሰው ዘዴ ነው አልኳቸው። «ስታስ ያየውን ብቻ ነው የጻፈው» ብዬም ጨመርኩ። ደስ የሚል ንግግር ነበር። ደስ ያለኝ ግን በስታስ ነው ወይስ በራሴ ድምፅ፣ ያን ጊዜ አልመረመርኩም።

ስሞቹ የተቀያየሩበት ጠረጴዛ ላይ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ። አራቱ የደረሳቸው ቤንዞይክ አሲድና ናፍታሊን ነው፤ ብርቱውም ቤዝ ቤንዞይክ አሲድን ስለሚያወርድ እነሱ ትክክለኛውን መልስ ከተሳሳተው ጠርሙስ አገኙ። ሁለቱ የደረሳቸው 2-ናፍቶልና ናፍታሊን ነው። ከሁለቱ አንዷ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ጋውኗ ከቁመቷ የረዘመ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ የምትሠራ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር፣ ትንሽ ንጹሕ ቤንዞይክ አሲድ ይሰጡኛል? ከእኔው ጋር ቀላቅዬ ላቅልጠው ነበር» አለችኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ቤንዞይክ አሲድና 2-ናፍቶል ሁለቱም 122 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጡት። መልካቸው ነጭ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ለብቻው አይለያቸውም። የሚለያቸው መቀላቀል ነው፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ድብልቁም እዚያው 122 ላይ ይቀልጣል፣ የተለያዩ ከሆኑ ድብልቁ ቀድሞ፣ ባነሰ ሙቀት መርጠብ ይጀምራል። ይህን እንድትጠይቅ ያስተማራት ሰው ቢኖር ሊኮራባት ይገባው ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ጊዜው አልቋል፣ ያለሽን ጻፊ» አልኳት።

ያላትን ጻፈች። ሪፖርቷን ማታ ቤቴ ሆኜ ነው ያረምኩት። «በመጀመሪያው ውሃ ላይ አሲድ ስጨምር አረፋ አልወጣም፤ ብልቃጡ ሞቀ። ነጭ ዱቄት ወጣ፤ 122 ላይ ቀለጠ። በሁለተኛው ውሃ ላይ አሲድ ስጨምር ብዙ አረፋ ወጣ፤ ዱቄት ግን የለም። ጠርሙሶቹ ተቀያይረው ይሆን? ቤንዞይክ አሲድ ወይም 2-ናፍቶል፤ አልለየሁትም» ይላል።

ሁሉም ነገር እዚያ ነበር። እነዚያ አራት መስመሮች ብቻቸውን ጠርሙሶቹ መቀያየራቸውን ይጠቁማሉ፤ የእኔ እጅ እንኳ የሚታይበት ያህል። እኔ ግን ያየሁት «ተቀያይረው ይሆን?» የሚለውን የጥያቄ ምልክት ነው። ያዘጋጀሁትን ጠርሙስ የምትጠረጥር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ! ውሃዎቹን አቀያይራ፣ ስትደናገር ሰበብ የፈጠረች መሰለኝ። መሰለኝ ማለቴ እንኳ ለራሴ ማዳላት ነው፤ እንዲመስለኝ ፈለግኩ። የሌሎቹን አምስት ሪፖርቶች አየሁ። አምስቱም በመጀመሪያው ውሃ ላይ «አረፋ ወጣ» ይላሉ። ከአምስቱ አንዱ እንደ እሷው ናፍቶል የደረሰው ነው፤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር የደረሰው ጓደኛ ነበረው፣ መልሱም የጓደኛውን መልስ ቃል በቃል ይመስላል። ለአምስቱ ሙሉ 10 ሰጠሁ። ለእሷ ዜሮ ሰጥቼ በቀይ እስክሪብቶ «ያላየሽውን አትጻፊ» ብዬ ጻፍኩባት።

ሰኞ ዕለት ወረቀቷን ይዛ ቢሮ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ቲቸር፣ ጠርሙሱን አንዴ ብቻ ይዩልኝ» አለች።

«ሌሎቹ በዚያው ጠርሙስ ነው የሠሩት።»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«እና እነሱ እንዴት አረፋ አዩ?»

ዝም አለች። ጓደኞቿን ልታሳጣ እንዳልፈለገች የገባኝ ቆይቶ ነው። «እሺ ቲቸር» ብላ ወጣች።

ማታ ላቡ ውስጥ ብቻዬን ስቀር ጠርሙሶቹን አወጣሁ። እውነቱን ፍለጋ ነው እንዳልል እፈራለሁ፤ ትክክል መሆኔን ላይ ነበር የፈለግኩት። «ባይካርቦኔት» ከሚለው ጠርሙስ ቢከር ውስጥ ትንሽ ቀዳሁና አሲድ አንጠባጠብኩበት። ምንም የለም። ደግሜ አንጠባጠብኩ። ቢከሩ መዳፌ ላይ ሞቀ። «ሞቀ» የሚለው የእሷ ቃል ነው ያኔ የመጣብኝ። ሁለተኛውን ስሞክር አረፋው ቢከሩን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

በዚያም አልተውኩትም። ያስረከበችውን ናሙና አውጥቼ የከለከልኳትን ሙከራ ራሴ ሠራሁላት። ከንጹሕ ቤንዞይክ አሲድ ጋር ፈጭቼ ቀላቀልኩ፣ በቀጭኗ የብርጭቆ ቱቦ አስገብቼ አሞቅኩ። 122 ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ መርጠብ ጀመረ። ናፍቶል ነው። ልጅቷ ያየችውን ነው የጻፈችው።

ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ የሚመጣበት ድንጋጤ ነው ይባላል። የእኔን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ስሌት ነው። ማን ያውቃል? ማንም። ማን ሊያውቅ ይችላል? ጠርሙሶቹ እስካሉ ድረስ ማንም ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ጠርሙሶች ደፋኋቸው፤ አጠብኩ፤ አዲስ በጥብጬ ሞላሁ፤ ስማቸውን በትክክል፣ ከወትሮው በጠራ ጽሕፈት ጻፍኩ። ናሙናዋን ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

የላቡ አዛውንት ቴክኒሻን በር ሊዘጉ መጡ። ተማሪ ሳለሁ «ልጄ፣ ሥራህ እስኪያልቅ ምንም አትድፋ፤ የፈለግኸው ነገር በደፋኸው ውስጥ ሊሆን ይችላል» እያሉ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። በመለየት ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ የለም።

«በማታ ምን ትደፋለህ?» አሉኝ።

«የተበላሸ ሶሉሽን ነው ጋሼ።»

«ማን አበላሸው?»

«እንጃ።»

በአፌ የዋሸሁት ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ዝምታ ነው። ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ» ስል ይህችን «እንጃ» እያሰብኩ ይሆናል፤ ከሆነም ከሁሉ ትንሿን መርጬ ነው ያቀረብኩት።

ለረጅም ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ፍርሃት ነበር። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ክፍሉ ምን ይለኛል ብዬ ነው እል ነበር። ግን ቀዩን እስክሪብቶ ያነሳሁት የምፈራው ነገር ሳይኖር፣ ጥፋቴን ሳላውቅ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃት ሁሉን አይመልስም። ደግሞ ባውቅም ኖሮ፣ ተቀያየረ ብል ምን ይደርስብኝ ነበር? አለቃዬ ስቆ «እኛም ስንት ጊዜ አድርገነዋል» የሚል ሰው ነበር። ማስተካከያው አንዲት ፊርማ ናት።

ከስር ያለውን ያገኘሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያገኘሁትም ሌላ ፈልጌ ነው። የራሴን የተማሪነት የላብ ደብተር ዕቃ ሳስተካክል አገኘሁና ገለጥኩት። ያው ሙከራ፣ በእኔ እጅ። «ብዙ አረፋ ወጣ» ይላል። ያን ቀን ማየቴን ለማስታወስ ሞከርኩ። ያስታወስኩት ግን ፈነሉን ሳይሆን መመሪያው ወረቀት ላይ «አረፋ ይወጣል» የሚለውን መስመር ነው። ስንቱን አረፋ እንዲያ አየሁ? በከፍተኛ ማዕረግ ያስመረቀኝ ያየሁትን ሳይሆን መታየት የነበረበትን አሳምሮ መጻፍ መሆኑን አውቅ ነበር፤ አውቄ ግን ወደ ጎን አድርጌው ነበር። አምስቱ ተማሪዎች የእኔ ልጆች ናቸው፤ እኔን ነው የሚመስሉት። እሷ ልክ ናት ብል፣ እነሱ ዋሽተዋል ማለቴ ነው፤ እነሱ ዋሽተዋል ካልኩ ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ቀዩ ጽሑፍ የተጻፈው ለእሷ አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው።

ስህተትና ጥፋት ለረጅም ጊዜ ለእኔ አንድ ነገር ነበሩ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም 122 ላይ የሚቀልጡ። ጠርሙስ ማቀያየሬን ሳስብ ያመኛል፤ መድፋቴን ሳስብም ያመኛል፤ ሕመሙ በመጠን ስለሚመሳሰል ሁለቱን በአንድ ስም ጠራኋቸው፣ ስሙንም ከሁለቱ የቀለለውን መረጥኩ። «ስህተት ሠርቻለሁ» ማለት ማንንም አያዋርድም። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን አንድ አይደሉም። ስሙን ያቀያየረው የደከመ እጅ ነው። ጠርሙሱን የደፋው ግን አልደከመም፤ እንዲያውም እንደዚያ ማታ በጥንቃቄ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ልጅቷ በትምህርቱ ሲ አገኘች። እነዚያ 10 ነጥቦች ቢጨመሩ ቢ ይሆን ነበር፤ ደምሬ አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የደመርኩት፤ ሁለተኛውን የደመርኩት መልሱ እንዲለወጥልኝ ስለፈለግኩ ነው። በዓመቱ ከኬሚስትሪ ወጥታ ሌላ ክፍል ገባች። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ እንደዚያ ማለት በሰው ሕይወት ውስጥ ራሴን ማግነን ይሆንብኛል። በእኔ ምክንያት አይደለም ማለት ደግሞ አልችልም። አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘን። «ደህና ነዎት ቲቸር?» አለችኝ፤ «ደህና ነኝ» አልኳት። ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ጓደኞቿ አብረዋት ስለነበሩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስልክ ታወራ ነበር።

ዛሬም ያንን ሙከራ አሠራለሁ። ጠርሙስ ላይ ስም ሳልጽፍ አልሞላም፤ አረፋ አላየሁም የሚል ተማሪ ሲመጣ ጠርሙሱን አብረን እንፈትሻለን። ይህን እንደ ካሳ አልቆጥረውም። ለሌሎች ማድረጌ ለእሷ ያላደረግኩትን አያደርግላትም፤ ውሃው የወረደው ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አይደለም የጻፍኩት፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ የእናንተም ይቅርታ የሷን አይተካም። ማስረጃ ብትጠይቁኝም የለኝም። ጠርሙሶቹን ደፍቻለሁ፣ ናሙናውን ጥያለሁ፣ አዛውንቱ ቴክኒሻን አርፈዋል። የቀረው የእኔ ቃል ነው፤ ክብደቱንም «እንጃ» ያለ ሰው ቃል መሆኑን አስባችሁ መዝኑት። ምናልባት ያቺን ወረቀት አልጣለቻት ይሆናል። ካልጣለቻት፣ የዚያ ቀን ትክክለኛው መዝገብ እሷ ጋ ነው፤ በሰማያዊ የተጻፈው።